በጋሽ ጉልላት አልጋ ላይ የወደቀው ድንጋይ

ከሰማይ ድንጋይ አይወድቅም። ይህን እንድናምን ሦስት ወር ሠልጥነናል፤ ተፈትነንበታልም፤ እኔ ከመቶ ዘጠና አራት አምጥቻለሁ። ከሰማይ የሚወድቅ ነገር ሁሉ የጣለው አለ፤ የጣለው ካለ ቁጥር አለው፤ ቁጥር ካለው ባለቤት አለው። ስድስቷ ነጥብ የተቀነሰችብኝ «እግዚአብሔር የጣለው ቢሆንስ?» ብዬ በመጻፌ ነው።

ስሜ ትርሲት ይባላል። ምንጃር ውስጥ፣ ዋርካ መገንጠያ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ የወዳቂ ነገሮች መዝጋቢ ነኝ። ዘንድሮ፣ በ2114 ዓ.ም.፣ በሥራው ላይ ሃያ ሁለት ዓመት ሞላኝ። ሰማዩ የሥራ ቦታ ከሆነ ወዲህ እንደማንኛውም የሥራ ቦታ ፍርፋሪ አለው፤ ፍርፋሪው ደግሞ መቼም ወደ ላይ አይወድቅም። ጠዋት ጠዋት ስልካችን የዕለቱን የመውረጃ ሰዓት ያነብልናል፦ «ዛሬ ከአራት እስከ አምስት ሰዓት፣ የብረት ፍርፋሪ፣ ቀላል።» ሰው ልብሱን ከገመድ ያወርዳል፣ ያሰጣውን በርበሬ ይሸፍናል፣ ዶሮዎቹን ቆርቆሮ ሥር ያስገባል፣ ከዚያ ወደ ሥራው ይሄዳል። «እንዴት አደርሽ?» ካሉ በኋላ «ምን ወደቀብሽ?» ብሎ መጠየቅ የጨዋ ልጅ ደንብ ነው። መልሱ «ምንም፣ ተመስገን» ነው፤ የወደቀበትም ሰው የሚመልሰው እንደዚሁ ነው።

የእኔ ሥራ ከዚያ ይቀጥላል። መመርመሪያዬን ይዤ እሄዳለሁ፣ ቁራጩ ላይ አሳርፈዋለሁ፣ ጢጥ ይላል፣ ቁጥሩን ያነባል፣ የየትኛው ድርጅት እንደሆነ ይታወቃል። ጣራው ለተበሳበት ሰው የይቅርታ መልእክት ይደርሰዋል። የይቅርታው ቃል አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ስላልተቀየረ የከተማው ሰው በቃሉ ይዞታል፤ ሠርግ ላይ እያስመሰሉ የሚያነቡት አሉ፣ በጣም ያስቃል። ቅጼ ላይ ሁለት ሳጥን አለ፤ አንዱ «ሰው ሠራሽ»፣ አንዱ «ሰማይ ወለድ» ይላል። ሁለተኛው በመላ አገሪቱ ላለፉት ሠላሳ አንድ ዓመታት ምልክት ተደርጎበት አያውቅም። ሰማይ ላይ ያለ ድንጋይ ሁሉ ተቆጥሮ፣ ተይዞ፣ ተፈልጦ አልቋል ይባላል። ሳጥኑ እስካሁን የቆየው የሚሰርዘው ሰው ጠፍቶ ነው።

እንግዲህ ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ የመውረጃ ሰዓት ባልሆነበት፣ ጋሽ ጉልላት ቤት አንድ ነገር ወደቀ።

ጋሽ ጉልላት የስልሳ ስድስት ዓመት ሰው ናቸው። ዕድሜያቸውን በሙሉ የፀሐይ ሰሌዳ ሲያጥቡ ኖረው ጡረታ ወጡ። ያን ጠዋት ግቢያቸው ውስጥ ቆመው ጢማቸውን እየተላጩ ነበር፤ ግራ ጉንጫቸውን ጨርሰው ወደ ቀኙ ሊሻገሩ ሲሉ ጣራው ጓ አለ። የደነገጠ እጃቸው መላጫውን ባልዲ ውስጥ ለቀቀው። እኔ ስደርስ ግማሽ ፊታቸው የሙሽራ፣ ግማሹ የመነኩሴ ሆኖ በር ላይ ቆመዋል።

«ትርሲት ልጄ፣ አልጋዬን ገደለው» አሉኝ።

አልጋው አዲስ ነው። ለእሑድ ሠርጋቸው ያሠሩት የዋንዛ አልጋ ነው። ጣራው ላይ የዳቦ ያህል ቀዳዳ ተከፍቷል፤ አልጋው መሐል ለመሐል ተሰብሯል፤ ፍራሹ ውስጥ አንድ ጥቁር ነገር ተቀብሮ ተኝቷል። መመርመሪያዬን አሳረፍኩበት። ዝም አለ። ሦስቴ ሞከርኩ፤ ሦስቴም «ቁጥር አልተገኘም» አለኝ። ሁለት እጄን ሰድጄ አወጣሁት። መጠኑ የድፎ ዳቦ ቁራሽ፣ ክብደቱ የአራስ ልጅ ነው። ቆዳው እንዳረረ ዳቦ ጠቁሯል። አንድ ጥጉ ተፈንክቶ ውስጡ ይታያል፤ አመድማ ነው፣ መሐሉ ላይ ቀጫጭን የብረት ነጥቦች ያብለጨልጫሉ። ከቦርሳዬ ማግኔት አውጥቼ ገና ሳስጠጋው ዘሎ ተለጠፈበት።

ማልቀሴን አልደብቅም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ብሎንና የተቃጠለ ሽቦ ስለቅም ኖሬያለሁ። ይህን ድንጋይ ግን በሥልጠናው መጽሐፍ ላይ፣ «ቀድሞ የነበሩ» በሚለው ምዕራፍ፣ በሥዕል ብቻ ነበር የማውቀው። ጋሽ ጉልላት ለአልጋቸው ያለቀስኩ መስሏቸው «አይዞሽ፣ ይጠገናል» እያሉ አባበሉኝ።

ካለቀስኩ በኋላ ቤቱን አሸግሁት። ምን ላድርግ፣ ደንብ ነው። አንቀጽ ዘጠኝ «ባለቤቱ ያልታወቀ ወዳቂ የተገኘበት ቤት፣ ባለቤቱ እስኪታወቅ ይታሸጋል» ይላል። ቢጫውን ገመድ በሩ ላይ ሳስር ጋሽ ጉልላት ኮት፣ ጫማ፣ የሠርግ ልብስ፣ ሁሉም ውስጥ እንዳለ ነገሩኝ። ባልዲ ውስጥ የገባው መላጫ ቢደርቅና ቢሠራ እንኳ የኤሌክትሪክ መሙያው ቤት ውስጥ ነው። ጎረቤቶች መላጫ ሊያውሷቸው ቢሞክሩ «እኔ በሰው መላጫ ፊቴን አላስነካም» አሉ። እንዲህ ሆነው እስከ ቅዳሜ በግማሽ ጢም ሰነበቱ፤ ሰው በቀኝ በኩል ሲያገኛቸው እያዘነ፣ በግራ ሲያገኛቸው እንኳን ደስ ያለዎት እያለ ያልፋል።

የሠርጉን ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። ሙሽራይቱ እትዬ ማዘንጊያ ናቸው፤ ስልሳ ሁለት ዓመታቸው ነው፣ የከተማው የዘር ማከማቻ ኃላፊ ነበሩ። ሁለቱ የተዋደዱት የዛሬ አርባ አንድ ዓመት ነው። ሽማግሌ ተላከ፣ ቤተሰብ ተስማማ፤ ከዚያ የእትዬ ማዘንጊያ ታላቅ ወንድም አቶ ቢተው ኮከብ ሳይቆጠር አይሆንም አሉ። ኮከብ ቆጣሪው ያኔም ስሌቱን በስልክ ነበር የሚሠራው። የሁለቱን ስምና የእናቶቻቸውን ስም አስገባ፣ ስልኩ ትንሽ አሰበና «አይገጥምም» አለ። አለቀ። ጋሽ ጉልላት ሌላ አገቡ፣ ወለዱ፣ ዳሩ፣ ከስምንት ዓመት በፊት ሚስታቸውን ቀበሩ። እትዬ ማዘንጊያ ማንንም አላገቡም። ለምን ሲባሉ «ኮከቤ አይሆንም አለኝ» ይላሉ፤ ሲሉት ግን ዓይናቸው አቶ ቢተው ላይ ነው።

አሁን በስንት ልመና አቶ ቢተው እሺ ብለዋል። ሠርጉ እሑድ ነው፤ ሰኞ ሁዳዴ ይገባል። እሑድ ካለፈ እስከ ፋሲካ ሁለት ወር መጠበቅ ነው። እትዬ ማዘንጊያ ቢሮዬ ድረስ መጥተው በስልሳ ሁለት ዓመት ሁለት ወር ስንት እንደሆነ ጠየቁኝ። አሰላሁላቸው። በመልሱ አልተደሰቱም።

ነገሩን ያከበደው አቶ ቢተው ናቸው። ሰኞ ከሰዓት በኋላ መጥተው ቀዳዳውን በመስኮት አዩ፣ አልጋውን አዩ፣ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«አልጋው ላይ ነው የወደቀው» አሉ። «ጓዳ አለ፣ ሳሎን አለ፣ የዶሮ ቤት አለ። ሁሉንም ትቶ አልጋው ላይ። ሰማይ ከዚህ በላይ እንዴት አድርጎ ይናገር?»

ስለዚህ ነገሩ በሁለት ገመድ ታሰረ። ድንጋዩ የሰው ነው ከተባለ ባለቤቱ እስኪገኝ ቤቱ ታሽጎ ይቆያል፤ በድርጅቶች ፍጥነት ይህ ዘንድሮ አይደለም። የሰማይ ነው ከተባለ እሽጉ ወዲያው ይነሳል፤ ግን አቶ ቢተው «እግዜር ራሱ በድንጋይ ከልክሏል» ብለው እህታቸውን አይሰጡም፤ እትዬ ማዘንጊያ ደግሞ ያለ ወንድማቸው ምርቃት ከቤት አይወጡም። አርባ አንድ ዓመት የጠበቁት እሱኑ ምርቃት ነው። ጋሽ ጉልላት መሐል ቆመው ሁለታችንንም ያያሉ፤ በየትኛው ጉንጫቸው እንደሚያለቅሱ ግራ ገብቷቸዋል።

ማክሰኞ ሥራችንን በሚመራው ማዕከል ወዳለው የሰማይ ጥናት ዶክተር ደወልኩ። ጥሩ ሰው ነው፣ የተማረ ነው። ድንጋዩን በካሜራ አሳየሁት፣ ማግኔቱን አሳየሁት። ከልቡ ሳቀ። ድንጋይ ከሰማይ እንደማይወድቅ፣ በዚያ ሰዓት በእኛ ሰማይ ምንም ያለፈ ነገር በመዝገብ እንደሌለ፣ ስለዚህም ምንም እንዳልወደቀ አስረዳኝ። ታዲያ ጣራውን ማን ቀደደው ብዬ ብጠይቀው ጎረቤት ይጠየቅ አለኝ። ከመሰናበቱ በፊት መመርመሪያዬ ለጥገና እንዲላክ አዘዘ፤ እኔ ራሴም ትንሽ እረፍት ብወስድ ጥሩ እንደሆነ በትህትና ጠቆመኝ።

አልተናደድኩም ብል ውሸት ነው። በሥልጠናችን ሁለተኛ ሳምንት ታሪክ ተምረናል። ድሮ ሰው ከሰማይ የወረደ ድንጋይ ሲያገኝ መቅደስ ይሠራለት፣ ዘይት ይቀባው ነበር። ብረት ማቅለጥ ገና ባልተለመደበት ዘመን አንድ የግብፅ ንጉሥ ከሰማይ በወረደ ብረት የተሠራ ጩቤ ታጥቆ ተቀብሯል። የእኛም ሰው መብረቅ የመታው ዛፍ ሥር ቆፍሮ የመብረቅ ድንጋይ ይፈልግ ነበር፤ ኮከብ ሲወረወር ሲያይ «አንድ ትልቅ ሰው ሞተ» ይል ነበር። ከዚያ ሊቃውንት መጡ። የአውሮፓ ሊቃውንት «ሰማይ ላይ ድንጋይ የለም፣ ስለዚህ ከሰማይ ድንጋይ አይወድቅም» አሉ፤ ድንጋዩን ታቅፎ የመጣውን ገበሬ ሳቁበት። በኋላ ፈረንሳይ አገር፣ አንዲት ትንሽ ከተማ አጠገብ፣ በቀን በብርሃን ከሁለት ሺህ በላይ ድንጋይ ዘነበ። መንግሥት አንድ ወጣት ሊቅ ላከ። ሰውዬው በየመንደሩ እየዞረ ቄሱንም ገበሬውንም ያዩትንና የሰሙትን ጠየቀ፤ ተመልሶ «እውነታቸውን ነው» አለ። ሊቃውንቱ ያን ጊዜ አመኑ። አሠልጣኛችን ይህን ሁሉ አስተምሮን በሦስተኛው ሳምንት «አሁን ግን ሰማዩ ተጠርጓል፣ ድንጋይ አይወድቅም» አለን። ያኔ ማንም አልሳቀም፤ እኔም አልሳቅሁም። ምሳ ሰዓት ደርሶ ነበር።

ረቡዕ ደንቡን ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት፤ በሃያ ሁለት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ። አንቀጽ አሥራ አራት ላይ አንዲት መስመር አገኘሁ፦ «በመሣሪያ ያልታወቀ ባለቤት በአካባቢው ልማድ መሠረት ሊጣራ ይችላል።» ይህን ይዤ ወደ አቶ እንግዳወርቅ ሄድኩ። አቶ እንግዳወርቅ የሰማንያ አራት ዓመት ሽማግሌ ናቸው፤ የከተማው እርቅ ሁሉ በእሳቸው እጅ ነው የሚያልፈው። መስመሩን አነበብኩላቸው፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝና አንዲት ቃል ተናገሩ፦ «አውጫጭኝ።»

አውጫጭኝ ከቅድመ አያቶቻችን ዘመን ጀምሮ ቆሞ የቀረ ነገር ነው። ሌባው ያልታወቀ እንደሆነ አገሩ በሙሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ እያንዳንዱ ይምላል፣ ያየውንና የሰማውን ይናገራል፤ ጥፋተኛው ሳይወጣ ማንም ቤቱ አይገባም። በአደባባይ መናገር የፈራ ሰው በሽማግሌው ጆሮ ሹክ ይላል፤ ሽማግሌውም ስሙን አይጠራም፣ «ወፍ ነገረችኝ» ነው የሚለው። ፈረንሳዩ ሊቅ ያደረገው ያው አውጫጭኝ ነው፤ የእሱ ገበሬዎች ግን ማታ ቤታቸው እየገቡ ነበር።

ቅዳሜ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ሜዳው ላይ፣ ፍርፋሪ እንዲይዝ በተዘረጋው መረብ ሥር፣ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ሰው ተቀመጠ። የሠርጉ ምግብ አብሳዮች ከነሽርጣቸው መጥተዋል፤ ሽንኩርቱ ሳይከተፍ፣ በሬው ሳይታረድ ቀርቷል። በሬው ብቻ ነበር በነገሩ ደስ ያለው። በእኛ ሰማይ የሚሠሩት ድርጅቶች አንድ የጋራ ወኪል ላኩ፤ ወኪሉ የጫማ ካርቶን የሚያክል ተናጋሪ ሳጥን ነው። በርጩማ ላይ አስቀመጡት፤ አንዲት ሴትዮ ፀሐይ እንዳይመታው ነጠላዋን ጣል አደረገችበት።

መሐላው ተጀመረ። «ውሸት ብናገር የምወደውን ይንሳኝ» እያለ ሰው ሁሉ ተራ በተራ ይቆማል። ዘጠና ሰው «አላየሁም፣ አልሰማሁም» አለ። አንዱ ጓ ሲል ሰምቷል፤ ግን የሚስቱ ድስት መስሎት ነበር። አንዷ ጋሽ ጉልላት ራሳቸው ጣሉት፣ አዲስ ጣራ ፈልገው ነው አለች፤ «ጣራ ፈልጌ አልጋዬን እሰብራለሁ?» ቢሏት አሰበችበትና ተቀመጠች። ወፎቹም ሥራቸውን ጀመሩ። እስከ ስድስት ሰዓት ሦስት ወፎች በአቶ እንግዳወርቅ ጆሮ ሹክ ብለዋል። አንደኛዋ የጠቆመችው ዳቦ ጋጋሪውን ነው፣ ሁለተኛዋ እኔን ነው፣ ሦስተኛዋ ራሳቸውን አቶ እንግዳወርቅን ነው። ሦስተኛዋን ሲሰሙ አቶ እንግዳወርቅ ወፏን በዓይናቸው ሸኟት።

የሳጥኑ ተራ ደረሰ። ድርጅቶቹ በዚያ ሰዓት ምንም እንዳልጣሉ ገለጸ፤ ለመሄድም ፈቃድ ጠየቀ። አቶ እንግዳወርቅ መጀመሪያ ማል አሉት። ሳጥኑ የሚወደው ነገር እንደሌለው አሳወቀ። ሽማግሌዎቹ ተመካከሩ፤ የሌለህን ሳይሆን ሲጠፋብህ የምትቸገርበትን ጥራ አሉት።

«ውሸት ብናገር ባትሪዬን ይንሳኝ» አለ ሳጥኑ። ሕዝቡ ተቀበለው። ልሂድ ቢል ግን «ጥፋተኛው ሳይወጣ ማንም አይሄድም» ተባለ። ባትሪው አሥራ ስምንት በመቶ እንደቀረው ነገረን። እኛም ቁርስ አልበላንም አልነው።

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ፀሐይ አዘቅዝቃለች። ልጆች ያሏቸው እናቶች ማጉረምረም ጀምረዋል፤ አብሳዮቹ አሁን ካልተጀመረ ለነገ አይደርስም ብለው ቁርጡን ተናግረዋል። ጋሽ ጉልላት ኩርምት ብለው መሬት መሬት ያያሉ። አቶ ቢተው ተነስተው ሰው ከሌለ እግዜር ነው፣ ሠርጉ ይቅር፣ እኔም ወደ ቤቴ ልግባ አሉ። እኔ ቅጼን ዘርግቼ እስክሪብቶዬን «ሰማይ ወለድ» የሚለው ሳጥን ላይ ይዤዋለሁ። እጄ እንዴት እንደፈለገ ልንገራችሁ? በጣም ፈልጎ ነበር። በሠላሳ አንድ ዓመት የመጀመሪያዋ እሆን ነበር፤ የዶክተሩን ሳቅ አፉ ላይ አደርቀው ነበር። ደግሞ ያቺ ምልክት ሁለት ሰው እንደምትለያይ አውቃለሁ። እስክሪብቶውን ይዤ ቀረሁ።

ያን ጊዜ እትዬ ማዘንጊያ ተነሱ። ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ መሐል ገቡ።

«ውሸት ብናገር የምወደውን ይንሳኝ» አሉ፤ ጋሽ ጉልላትን አላዩም፣ ግን ሁላችንም አየን። «ድንጋዩን የወረወርኩት እኔ ነኝ።»

አቶ እንግዳወርቅ መቼ እንደወረወሩት ጠየቋቸው።

«የዛሬ አርባ አንድ ዓመት» አሉ እትዬ ማዘንጊያ። «ኮከብ ቆጣሪው አይገጥምም ያለን ቀን። አመሻሽ ላይ ከቤቱ እንደወጣን አውድማው ዳር ቆምኩ። ያኔ ኮከብ ይታይ ነበር፣ እንደዛሬው ግማሹ የድርጅት አልነበረም። የእኔ ነው ያሉኝን ኮከብ ለየሁና ድንጋይ አንስቼ ባለኝ ጉልበት ወረወርኩበት። ሲወድቅ ልሰማ ጆሮዬን ጣልኩ። አልወደቀም። ብዙ ቆምኩ፣ አልወደቀም። ይኸው አሁን ወደቀ።»

ሳጥኑ ነጠላው ሥር ሆኖ በሰው ክንድ የተወረወረ ድንጋይ ቢበዛ ከአምስት ሰከንድ በላይ አየር ላይ እንደማይቆይ ማስረዳት ጀመረ።

«አንተ ነህ የጣልከው?» አሉት አቶ እንግዳወርቅ።

«አይደለሁም።»

«እንግዲያ ዝም በል።»

ከዚያ ወደ አቶ ቢተው ዞሩ። በአውጫጭኝ ደንብ አብሮ የነበረ ሰው ይመሰክራል፤ በዚያ ምሽት አውድማው ዳር አብረው የነበሩት ደግሞ አቶ ቢተው ናቸው። እንዲምሉ ተደረጉ። ማሉ።

«እህትህ ያን ምሽት ድንጋይ ወርውራለች?»

አቶ ቢተው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ወርውራለች» አሉ። «ሰማይ አይወገርም ብዬ ተቆጥቻታለሁ።»

«ሲወድቅ ሰምተሃል?»

«አልሰማሁም።» ባርኔጣቸውን እጃቸው ላይ አዞሩት። «እያለቀሰች ነበር። እኔ እሷን እንጂ ድንጋዩን አልሰማሁም። አርባ አንድ ዓመት ሙሉ የምሰማው ያንኑ ለቅሶዋን ነው።»

ከዚህ በኋላ ብዙ አልተነገረም። አቶ እንግዳወርቅ ወፍ አላስፈለገም፣ ጥፋተኛዋ በራሷ አንደበት ወጥታለች፣ ወደ ቤታችሁ ግቡ አሉ። አብሳዮቹ ወደ ሽንኩርታቸው ሮጡ። እኔ ቅጼን አነሳሁና እስክሪብቶዬን ከሁለተኛው ሳጥን አንስቼ አንደኛው ላይ ምልክት አደረግሁ። ባለቤት በሚለው መስመር የእትዬ ማዘንጊያን ሙሉ ስምና የመታወቂያ ቁጥር ጻፍኩ፣ ላክሁት። የማዕከሉ ማሽን ወዲያው ተቀበለው። ማሽኑ የሚጠይቀው ባለቤት ነው፤ ሌላ ነገር ጠይቆን አያውቅም።

አንጀቴ አልተቃጠለም አልልም። እውነተኛውን ድንጋይ በእጄ ይዤ፣ እውነተኛው ሳጥን ከፊቴ ሆኖ፣ ሌላውን ሞላሁ። ሊቃውንት ገበሬ አላመኑም ብዬ ስማረር ሰንብቼ እኔው ራሴ ድንጋዩን ክጄው አረፍኩ። ቢሆንም ቢጫውን ገመድ ስፈታ ጋሽ ጉልላት ሮጠው ገብተው የመላጫውን መሙያ እንደ ታቦት ይዘው ሲወጡ ሳያቸው ሐዘኔ ብዙ አልቆየም።

አንቀጽ አሥራ አንድ «ባለቤቱ የተጎዳውን ቤት ጠግኖ እስኪጨርስ ከቤቱ አይለይም» ይላል። ይህን ለእትዬ ማዘንጊያ በጽሑፍ ሰጠኋቸው። አቶ ቢተው አነበቡትና ሕግ ከሆነማ ምን ይደረጋል አሉ፤ እሑድ ጠዋት እህታቸውን ጉልበታቸው ላይ አስደፍተው መረቁ፣ ምርቃቱም ረዘመ። ሠርጉ ያለ አልጋ ተደረገ። ጣራውን በተመለከተ ጋሽ ጉልላት የሚያስቸኩል ነገር የለም ብለው ቀዳዳውን በላስቲክ ሸፈኑት። እስከ ዛሬ ላስቲክ ነው፤ እትዬ ማዘንጊያም በሕግ መሠረት ከቤቱ አልተለዩም።

ባለፈው ሳምንት ለቁጥጥር ሄጄ ነበር። በእኛ ከተማ ምግብ የሚበስለው በኤሌክትሪክ ነው፤ ለሙሽሮች ለወጉ ያህል የፕላስቲክ ጉልቻ ይሰጣቸዋል። እትዬ ማዘንጊያ በፕላስቲክ ጉልቻ ቤት አይቆምም ብለው ግቢያቸው ውስጥ እውነተኛ እሳት አንድደዋል። ሁለቱ ጉልቻ ከወንዝ የመጡ ናቸው። ሦስተኛው እሱ ነው። መጽሐፋችን እንደሚለው ከሆነ ከአራት ቢሊዮን ዓመት በላይ በጨለማ ሲዞር ኖሯል፤ አሁን ሁዳዴ ስለሆነ ሽሮ ተሸክሟል። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ሲባል አልሰሙም ወይ አልኳቸው። በጭልፋ አውጥተው ቅመሺ አሉኝ። ቀመስኩት። ተረቱ ሊታረም ይገባዋል።

ጋሽ ጉልላት ሁለቱንም ጉንጫቸውን ተላጭተው በርጩማ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ማገዶ በደንብ አላቀረቡም ተብለው በሚስታቸው ይወቀሳሉ። ከማዕከል የመጣውን ደብዳቤ አወጣሁ። ዶክተሩ ራሱ ፈርሞበታል፦ «ወርዋሪዋ በድጋሚ የመወርወር ዕቅድ ያላት መሆን አለመሆኑ በአስቸኳይ ይገለጽ።»

አነበብኩላቸው። እትዬ ማዘንጊያ ጭልፋውን ይዘው ባላቸውን ከእግር እስከ ራስ አዩአቸው፣ ማገዶውን አዩ፣ ሰማዩን አዩ።

«እንደ ጠባዩ ነው» አሉ።

እንዳሉት ጻፍኩ፣ ላክሁት። ማሽኑ ተቀበለው። ከማግስቱ ጀምሮ ስልካችን የዕለቱን የመውረጃ ሰዓት አንብቦ ሲጨርስ አንዲት መስመር ይጨምራል፤ የዋርካ መገንጠያ ሰውም እሷን ሳይሰማ ልብስ አያሰጣም፦

«በአቶ ጉልላት ግቢና አካባቢው፣ እንደ ጠባያቸው።»